ከሆላንድ ረሃብ እስከ ኒው ዮርክ፤ የነፍሰ ጡር ምግብ ታሪክ

«ነፍሰ ጡር የምትበላው ለሁለት ነው» ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ በአገራችን አንዳንድ ስፍራ «ልጁ ገዝፎ ምጡ እንዳይጠናባት» ተብሎ እርጉዝ ሴት ምግብ የምትቀንስበት ልማድ አለ። ለመሆኑ ሚዛኑ የቱ ጋ ነው? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በከባድ መከራ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1944 የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች በናዚዎች ላይ አድማ ሲመቱ፣ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ አገዱ። ብርዱ ሲጠና የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። አገሪቱ በሜይ 1945 ነጻ እስክትወጣ ድረስ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። የወሊድ መዝገቦች ግን ተረፉ።

መዝገቦቹን ከመረመሩት መካከል ዶክተር ዜና ስታይንና ባለቤታቸው ዶክተር መርቪን ሱሰር ይገኛሉ። ሁለቱም አፓርታይድን ተቃውመው ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ሐኪሞች ነበሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት የተራቡባቸው ሕፃናት ክብደታቸው በ300 ግራም ያህል ቀንሶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተርበው ኋላ ምግብ ያገኙት እናቶች ልጆች ግን ክብደታቸው አልጎደለም። ጽንሱ በብዛት የሚወፍረው በመጨረሻዎቹ ወራት ነውና።

እንግዲያው ምግብ ቢጨመርስ? እነዚሁ ተመራማሪዎች ከዶክተር ዴቪድ ረሽ ጋር ሆነው በኒው ዮርክ በድህነት የሚኖሩ ጥቁር እናቶችን ይዘው ሞከሩት። ለአንዱ ቡድን በቀን 40 ግራም ፕሮቲን ያለበት መጠጥ፣ ለሌላው 6 ግራም ብቻ ያለበት ተሰጠ። በ1980 የወጣው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ብዙ ፕሮቲን በወሰዱት ዘንድ ያለጊዜያቸው የተወለዱና የሞቱ ሕፃናት በዙ፤ በሁለተኛው ቡድን ግን የልጆቹ ክብደት በመጠኑ ጨመረ።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የምግብ እጥረት ባለበት ሕዝብ ዘንድ የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥ ሲመክር፣ ፕሮቲን የበዛበትን ግን አልደገፈም። የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ መውሰድን ግን ያበረታታል።

ውድ አንባቢያን፣ ሆላንድ ያስተማረችን ነፍሰ ጡርን ማስራብ ልጁን እንደሚጎዳ ነው፤ ኒው ዮርክ ደግሞ «ያበረታል» የተባለ ሁሉ እንደማይጠቅም አሳይታናለች። በየሱቁ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት ለእርጉዝ እኅታችን ከመግዛታችን በፊት ሐኪሟን እንጠይቅላት። ማዕዷን ግን አናጉድልባት።