የስንዴ ቡቃያ እርጅና እና የዘር ባንካችን

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በኩል ሲያልፉ አዲስ የበቀለ ስንዴ ካዩ ይህን ልብ ይበሉ፦ ማሳው ገና ለምለም ሳለ የቡቃያው አንዱ ክፍል አርጅቷል። ስንዴ ሲበቅል ለጋውን ቅጠል ሸፍኖ አፈሩን የሚበሳው ቀጭን ቱቦ ኮሊዮፕታይል ይባላል። ቅጠሉ ቀዶት ሲወጣ የቱቦው ሥራ ያበቃል፤ ህዋሶቹም በሥርዓት ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ይህን እርጅና ለዓመታት ያጠኑት የሞስኮው ቦሪስ ቫንዩሺንና ባልደረቦቹ ናቸው። የኒውክሊየሱ ዲኤንኤ እየተቆራረጠ ሳለ የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ግን በብዛት እንደሚመረት አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ይህንኑ አሳተሙ። ማይቶኮንድሪያ የህዋስ ኃይል ማመንጫ ነው፤ የራሱ ዲኤንኤ አለው። ለካ ህዋስ ለመሞትም ጉልበት ያስፈልገዋል!

ስንዴያችንን ከሩሲያ ሳይንስ ጋር ያገናኘው ግን ቀደም ያለ ታሪክ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኝቶ፣ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቦ ሄደ። አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። እሱ ራሱ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ።

እኛስ? በ1976 በጀርመን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ታዲያ ዘር ባንክ ገባ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ደረቅ ዘርም ያረጃል። ኦክስጅን ወለድ ጎጂ ቅንጣቶች የህዋሱን ሽፋንና ማይቶኮንድሪያውን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ያረጀ ዘር ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ ይህን ጉዳት መጠገን አለበት፤ ካቃተው ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም።

ቅዝቃዜና ድርቀት ጊዜ ይገዛሉ። በተለመደው ስሌት የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። እርጅናውን ግን አያስቀሩትም። ስለዚህ ዘሩ በየጊዜው ወጥቶ መዘራትና መታደስ አለበት።

ከ1979 ጀምሮ ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ የታገሉት ለዚህ ነው። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ከአዲስ በሽታና ከተለወጠ ዝናብ ጋር አይለማመድም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ይፈተናል። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማሳው በቤትና በፋብሪካ ሲተካ የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም። ያረጀ ዘር የሚታደስበት አፈርና አመሉን የሚያውቀው ገበሬም አብረው ይሄዳሉ።