የሶዌቶ አመሠራረትና እድገት

በደቡብ አፍሪካ በዊትዋተርስራንድ ምድር እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የጆሃንስበርግ ከተማ ተቆረቆረች። የማዕድኑም ሆነ የከተማው ሥራ የጥቁሮችን ጉልበት ይሻ ነበር፤ ገዢዎቹ ግን ሠራተኛው በአጠገባቸው እንዲኖር አልወደዱም። የሶዌቶ አመሠራረት ከዚህ ተቃራኒ ፍላጎት የመነጨ ነው።

በ1904 በከተማይቱ ቸነፈር በገባ ጊዜ፣ በተቃጠለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩት ጥቁሮች ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከከተማው የፍሳሽ መጣያ አጠገብ ወዳለው ክሊፕስፕሩት ተወሰዱ። በ1923 የወጣው ሕግም ጥቁሮችን በተለየ ሰፈር ለመወሰን ለማዘጋጃ ቤቶች ሥልጣን ሰጠ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦርላንዶ የተባለው ሰፈር ቢሠራም ለሕዝቡ ብዛት ስላልበቃ፣ በ1944 ጄምስ ምፓንዛ ቤት ያጡትን አስከትሎ በባዶው መሬት ላይ የጆንያ ጎጆ አስተከለ። ሹማምንቱም ሳይወዱ ተጨማሪ መጠለያ ለመሥራት ተገደዱ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ የሶፊያታውን ጥቁር ነዋሪዎች በግድ ተነሥተው በሜዶውላንድስ ሰፈሩ።

ሶዌቶ የሚለው ስም በ1963 የጸና ሲሆን፣ «የደቡብ ምዕራብ ሰፈሮች» ማለት ከሆኑት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ስሙ ከአቅጣጫ በቀር የሚገልጠው ነገር አልነበረም፤ ትርጉም የሰጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። ጁን 16 ቀን 1976 ተማሪዎቹ በአፍሪካንስ ቋንቋ መማርን ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ የሰፈሩም ስም በዓለም ተሰማ። ሕጉ እንደ እንግዳ የቈጠረው ሕዝብ ባለአገርነቱን በዚህ አስመሰከረ።