ውኃ እያሳሳቀ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ጥልቀቱን ሳይለካ ወንዝ ለገባ ሰው ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከወንዙ ይልቅ እንስራ ውስጥ የተቀዳው ውኃ ተረቱን እውነት አድርጎታል፤ አስቀድሞ የወሰደውም ሳቁን ራሱን ነው።

ከአዳማ በስተደቡብ፣ አዋሽን ተጠግታ ወንጂ ትገኛለች። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በዚያ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። ለሸንኮራው ሥራ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው ጎረፈ። አዋሽ ድፍርስ ነው፤ ድፍርስ ውኃ በሽታ እንደሚያመጣ ደግሞ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ሠራተኛው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣውን፣ ኩልል ያለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ውኃ ጠጣ።

ጉዳቱ ያለው እዚያ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ሲመላለስ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ ፍሎራይድን ይዞ የሚያዘቅጠው ካልሲየምም በውስጡ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር።

ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርስ በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ ብቻ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መፋቂያ ቢያበዛም አይለቅለትም፤ ንጽሕና የጎደለው ተብሎ ይታማል። ጎልምሶ የመጣው አባቱ ግን ነጭ ጥርሱን ይዞ ይኖራል፤ ውኃው እርሱን የነካው አይመስለውም። ከዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ አንገቱና ወገቡ መገተር ይጀምራል። ሲያጎነብስ ለኖረ ሸንኮራ ቆራጭ የወገብ ሕመም ምን ያስደንቃል? ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ሕፃናት ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተጎድቶ እንደ ነበር አስታውቀዋል። አጥንታቸው ተገትሮ ሽባ የሆኑ የወንጂ ሠራተኞችም ነበሩ።

እኛ መርዝን የምናውቀው በሌላ መልኩ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ያዘነቡት የመርዝ ጋዝ ቆዳ ይልጥ፣ ዓይን ያሳውር ነበር። ያ ፍርሃት እውነተኛ ነበር፤ ግን ትምህርቱ ግማሽ ሆነብን። የማያቃጥለውን፣ የማይሸተውን መርዝ የምንጠረጥርበት ልማድ አልነበረንም። ማፍላት እንኳ እዚህ አያድንም፤ ተሕዋስን ይገድላል እንጂ ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ፍሎራይድ ይበልጥ ይጠነክራል።

መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈራ መልክ ይዞ መጣ። ፍሎራይድን ከሚይዙት ማጣሪያዎች አንዱ ከከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራ ነው። ኩልል ያለውን ውኃ ያለ ጥርጥር የጠጣ ጿሚ፣ በአጥንት ውስጥ ያለፈውን ውኃ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥርጣሬው የተነሣው በመርዙ ላይ ሳይሆን በማርከሻው ላይ ነው።

አዳማ ዛሬ የምትጠጣው ተጣርቶ የሚመጣውን የአዋሽን ውኃ ነው። የተፈራው ድፍርስ ወንዝ ዳኝ ሆነ፤ የታመነው ጥሩ ውኃ ጎጂ ነበር። በሸለቆው መንደሮች ግን የጉድጓዱን ውኃ የሚጠጣ ልጅ አሁንም አለ፤ ጨዋታ ሲያስቀው እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል።