ከአገልግል እስከ ሆቴል

የቀድሞው የሀገራችን መንገደኛ ማጀቱን ተሸክሞ ይጓዝ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገልግሉ ዳቦ ቆሎ፣ በስልቻው በሶ አይታጣም። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት በመሆኑ እሳት አይሻም፤ ምንጭ ዳር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ያቺ ጭብጥ በሶ ግን ገብሱን ስትቆላና በወፍጮ ድንጋይ ስትፈጭ ያመሸች ሴት የድካም ፍሬ ናት።

ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል። ለበላው ገንዘብ ማቅረብ ባለቤቱን እንደ መስደብ ይቆጠር ነበር።

እቴጌ ጣይቱ፣ በ1898 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለትን ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁሙ የገጠማቸው ይኸው ልማድ ነው። መኳንንቱ እህል በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርገው ስላዩት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙ እንዳለማመዷቸው ይተረካል።

በዚህ ለውጥ ያጣነውም ያገኘነውም አለ። ዛሬ በመንገድ ላይ በልተን ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ «ከወዴት መጣህ? የማን ልጅ ነህ?» የሚለን የለም። በአንጻሩ የወጥ ቤት ድካም ዋጋ እንዳለው ሒሳቡ ይነግረናል። የቀድሞው መስተንግዶም ቢሆን ነፃ አልነበረም፤ ከፋይዋ ከጓዳ ስለነበረች አትታይም ነበር እንጂ።

ከመንገድ ተመልሶ በገዛ እጁ ሽሮ የሚያንተከትክ ወንድ ይህን ሳይነግሩት ይረዳዋል።