የግመል ሙቀትና የወሎ ሲራራ

«ውሾቹ ይጮኻሉ፤ ግመሎቹም ይሄዳሉ» እንላለን። ለመሆኑ ግመሉ በዚያ ሐሩር እንዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት የደሴንና የኮምቦልቻን የንግድ ታሪክ ሳገላብጥ ነው። ታሪኩ ደሴን መናገሻቸው ስላደረጉት ስለ ንጉሥ ሚካኤል ይተርካል፤ ጣሊያን ስለሠራው መንገድም ይተርካል። ከአፋር ቆላ ጨው ተሸክሞ ስለወጣው እንስሳ ግን የሚለው ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ያለ እርሱ ታሪኩ ጎደሎ ነው እላለሁ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባቲ ደግሞ የቆላው በር ናት። በሰኞ ገበያዋ የአፋር ግመል ከደጋው አህያና በቅሎ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ቀኑን እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ውሃውም ሩቅ ነው።

የሰው ገላ ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ እንደሚል በሰፊው ያስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ሙቀታችን ሊነጋጋ ሲል ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ በጤናማ ሰው ላይ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። ሙቀቱ ሲበዛብን በላብ እንቀዘቅዛለን፤ ላብ ደግሞ ውሃ ነው።

ግመል ሌላ ዘዴ አለው። ኖርዌይ የተወለደው ክኑት ሽሚት-ኒልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 በአልጄሪያዋ ቤኒ አባስ ግመሎችን በቴርሞሜትር ተከታተሉ። ውሃ የጠገበ ግመል ሙቀቱ በቀን የሚለዋወጠው በ2 ዲግሪ ያህል ነበር። የተጠማው ግን ንጋት ላይ ወደ 34 ዲግሪ ይወርድና ከሰዓት በኋላ ከ40 ያልፋል። ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት በላብ አያባክነውም፤ ይዞት ይቆይና ሌሊት ለቀዝቃዛው አየር ይለቀዋል። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል ሙቀቱን በ6 ዲግሪ ከፍ በማድረግ ብቻ ወደ 5 ሊትር ውሃ ያተርፋል። ብዙዎች ውሃ የሞላው የሚመስላቸው ሻኛ ግን ስብ ነው።

ነገሩ እንደ ድንጋይ መጋልና መቀዝቀዝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የወጡ የሞሮኮ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ግመል በአንጎሉ ውስጥ የሚሠራ ሰዓት አለው። ብርሃኑ ሳይለዋወጥ እንኳ የአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቅ ያንን ሰዓት ያስተካክለዋል።

እንግዲህ የቆላው ቀዝቃዛ ሌሊት ለሲራራው ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ውሃ ጉድጓድም ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ደሴን የያዙት ጣሊያኖች ከአሰብ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚደርስ የመኪና መንገድ ሠሩ። የካሚዮን ሞተር ሲግል ራዲያተሩ ወዲያው ውሃ ይጠይቃል። ግመሉ ግን ጨለማን ይጠብቃል።

ከዚህ ተነሥቶ «ግመል ውሃ አያሻውም» ማለት ግፍ ነው። ያ የ6 ዲግሪ ልዩነት የጥማቱ ምልክት እንጂ የምቾቱ አይደለም። ደጋው የላሰው ጨው ዋጋ የተከፈለው በነጋዴው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ዝምተኛ እንስሳ ጥማትም ጭምር ነበር። የደሴንና የኮምቦልቻን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንንም ዕዳ ቢመዘግብ መልካም ነው።