የሌለው ሲመሰክር

የሳይንስ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ተገኘው ነገር ነው። እገሌ ይህን አገኘ፣ እገሊት እዚያ ደረሰች ይባላል። ሆን ተብሎ ስለ ተወገደው ነገር ግን እምብዛም አይወራም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው፤ አንድ ጂኑ ተቆርጦ ከጠፋበት የሰው ሴል ስለሚወጣ ፈሳሽ። በላቦራቶሪ ቋንቋ «ኖክአውት ላይሴት» ይባላል። ኖክአውትን ከቦክስ ታውቁታላችሁ፤ ተዘርሮ የማይነሣው ማለት ነው። እዚህ የተዘረረው ጂን ነው። ላይሴት ደግሞ ሴሉ ፈርሶ በውስጡ የነበረው ፕሮቲን ሁሉ የተቀላቀለበት ጭማቂ ነው። ተመራማሪው ይህን ብልቃጥ የሚገዛው የጎደለበትን ነገር ፈልጎ ነው። ታዲያ ለጎደሎ ነገር ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

እስቲ ከሥሩ እንያዘው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ የሰው ሴል ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች አሉ። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ለይቶ ለማየት ፀረ-አካል ያስፈልጋል። ፀረ-አካል ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ሞለኪውል ሲሆን፣ የተሠራለትን ዒላማ ፈልጎ ይጣበቃል። በ1975 ኮለርና ሚልስታይን ካምብሪጅ ላይ አንድ ዓይነት ፀረ-አካል ያለ ማቋረጥ የሚያመርት ሴል አዘጋጁ፤ በ1984ም ለዚሁ ሥራ ኖቤል ተሸለሙ። በ1979 ደግሞ ቶውቢንና ጓደኞቹ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ውስጥ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ በጄል ላይ እንደ ክብደታቸው ከለዩ በኋላ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ነገር አሻግረው በፀረ-አካል የሚፈልጉበትን ዘዴ አወጡ። በ1981 በርኔት የተባለ አሜሪካዊ ስም አወጣለት። ቀድሞ ዲኤንኤን በተመሳሳይ መንገድ የለየው ሰው ስሙ ሳውዘርን፣ ማለትም «ደቡባዊ» ነበርና፣ እሱም በቀልድ «ዌስተርን ብሎት»፣ ምዕራባዊው አለው። ቀልዱ እስከ ዛሬ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሰረዝ ብቅ ሲል፣ በተለይም በተጠበቀው ክብደት ላይ ሲሆን፣ «አገኘነው!» ይባላል። ግን ፀረ-አካሉ የተጣበቀው በተባለው ፕሮቲን ላይ ነው ወይስ መልኩ በሚመስለው ጎረቤቱ ላይ? ሰረዙ አይናገርም። የብልቃጡ ጽሑፍም የሻጭ ቃል ነው። አንድ ምስክር ቀርቦ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ሲል፣ ሰውዬው ባልነበረበትም ቀን «አይቼዋለሁ» የሚል መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ መፍረድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ጉዳቱን ለማየት የኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህ ፕሮቲን በ1996 በስዊድን ተመራማሪዎች ተገለጠ። ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጣለበት፤ ብዙም ተጻፈበት። ጽሑፎቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱ አለ ሲል ሌላው የለም ይላል። በ2017 እዚያው ስዊድን ያሉ ሳይንቲስቶች ለዚህ ፕሮቲን የተዘጋጁ 13 ፀረ-አካላትን ፕሮቲኑ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው በታወቁ ሴሎች ላይ ፈተኑ። ፈተናውን ያለፈው አንድ ብቻ ሆነ! በዚያ በአንዱ ሲታይ ፕሮቲኑ በጤነኛውም ሆነ በካንሰር በተያዘው የጡት ሕዋስ ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የወጣው ድካምና ገንዘብ፣ የታማሚዎችም ተስፋ፣ በአብዛኛው ባልተፈተነ ምስክር ላይ የቆመ ነበር።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል የሀገራችን ሰው። የላቦራቶሪው መፍትሔም ይኸው ሆነ፤ ጂኑን ቀብሮ ማየት። ጂን የጠፋባት አይጥ በ1989 ተገኝታ ነበር። ለሰው ሴል ግን ሥራው ለረዥም ጊዜ ውድና አድካሚ ነበር። በ2012 ዱድናና ሻርፓንቲዬ ባክቴሪያ ቫይረስን የሚቆራርጥበትን ክሪስፐር የተባለ መሣሪያ በፈለጉት ዲኤንኤ ላይ ማነጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ሌሎች በሰው ሴል ሠሩበት። መሣሪያው ጂኑን ይቆርጠዋል፤ ሴሉ ቁስሉን ሲጠግን ይሳሳትና ትእዛዙ ይበላሻል፤ ፕሮቲኑም አይሠራም። አብዛኛው ሴል ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ ስላለው ሁለቱንም ማጥፋት ግድ ነው። ሃፕ-1 የተባለው የሴል ዘር ግን ከሞላ ጎደል አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ሆነ።

ፈተናው እንግዲህ ቀላል ነው። ያልተነካው ሴል ጭማቂ በአንድ መስመር፣ ጂኑ የጠፋበት በጎኑ ይፈሳል። ፀረ-አካሉ እውነተኛ ከሆነ በመጀመሪያው ሰረዝ ያሳያል፣ በሁለተኛው ዝም ይላል። በሁለቱም ከለፈለፈ ውሸታም ነው። ዝም ማለቱም ጭማቂው ስላነሰ እንዳይሆን፣ በሁለቱም ዘንድ መኖሩ የታወቀ ሌላ ፕሮቲን ለማመሳከሪያ ይታያል። ገደብ የለውም ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ጂን ከጠፋ ሴሉ ራሱ ይሞታል። በብሎት ያለፈ ፀረ-አካልም በሌላ ዘዴ ሊወድቅ ይችላል።

ሞንትሪያል፣ ካናዳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከሻጮቹ ጋር ተስማምተው ለ65 ፕሮቲኖች የተዘጋጁ 614 ፀረ-አካላትን በዚህ መንገድ ፈትነው በ2023 ውጤቱን አወጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ ፈተና ወደቁ። በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች በወደቀ ፀረ-አካል ተጠቅመው ተገኙ። ሻጮቹም አንዳንዶቹን ከገበያ አነሡ፣ የሌሎቹን የአጠቃቀም መመሪያ ለወጡ።

አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እነዚህ ሴሎች ከሰማይ አልወረዱም። ሃፕ-1 የመጣው የደም ካንሰር ከያዘው ሰው ነው። ለኖክአውት ከሚያገለግሉት ሌላው ሂላ ደግሞ በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በማኅፀን በር ካንሰር በ31 ዓመቷ ከሞተችው ከጥቁር አሜሪካዊቷ ከሄንሪታ ላክስ ተወሰደ። ማንም አላስፈቀዳትም። ለዓመታት ስሟ «ሄለን ሌን» እየተባለ ተሳስቶ ሲጻፍ ኖረ፤ ቤተሰቧም ነገሩን የሰማው ከሃያ ዓመት በኋላ ነበር። ከጂን በፊት ባለቤቲቱ ከታሪኩ ተቆርጣ ነበር ማለት ነው።

እኛ ተማሪዎች የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለናል። መጽሐፉ ካለ፣ መምህሩ ከደገመው፣ አለቀ። ይህ ታሪክ ግን አንዲት ጥያቄ ይዘን እንድንሄድ ያደርገናል። ማንም «ይኸው፣ አገኘሁት!» ብሎ ሰረዙን ሲያሳየን፣ «ጎበዝ፣ የሌለበትስ የታለ?» እንበለው። ማሳየት ከቻለ እናመስግነው፤ ካልቻለ እስኪያሳየን እንጠብቅ።