«ንቅለ ተከላ»፣ «ደም ሥር»፣ «ስቴንት»፦ የሦስት የልብ ሕክምና ስያሜዎች ታሪክ

የተተከለ ልብ የደም ቅዳ ሕመምንና ለዚሁ ሕመም የተሞከረውን፣ ከጊዜ በኋላ ከሰውነት የሚጠፋውን ስቴንት በአማርኛ ለመሰየም የሚነሣ ሁሉ ሦስት ዓይነት ቃላት ያጋጥሙታል፤ ከእርሻ የተወሰደ፣ በሕዝብ አፍ የኖረና ከውጭ የገባ። የእነዚህን ታሪክ በአጭሩ እንመረምራለን። ምሳሌዎቻችንን ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች የመረጥነው በምክንያት ነው። ከጌዶ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄድ በሽተኛ ስለ ሕመሙ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መካከል እየተመላለሰ ነው። የስያሜ ጉድለት በመጀመሪያ የሚጎዳው እርሱን ነው።

1. ከመደብ ወደ ማሳ

«ንቅለ ተከላ» ከ«ነቀለ» እና ከ«ተከለ» የተገኘ ነው። እንደ «መዝገበ ቃላት» ሁሉ፣ የፊተኛው ቃል መድረሻ ፊደል በግእዙ የዘርፍ ሥርዓት ግእዝ ሆኗል። ቅርጹ የመጽሐፍ ቢሆንም ሐሳቡ የገበሬ ነው። በአምቦና በጉደር ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ችግኙን በመደብ አፍልቶ፣ ከዚያ ነቅሎ በማሳው ይተክላል።

በሀገራችን ቃሉ በሕክምና ረገድ በሰፊው የተሰማው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ነው። የልብ ንቅለ ተከላ እስካሁን የሀገራችን ሆስፒታሎች አገልግሎት አልሆነም፤ እዚህ ላይ ቃሉ ሕክምናውን ቀድሞ ደርሷል።

ሕክምናውን የጀመሩት ክርስቲያን ባርናርድ ናቸው፤ ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በኬፕ ታውን በግሩት ሹር ሆስፒታል የመጀመሪያውን የሰው ልብ ተከሉ። በሽተኛው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖሩ። ሁለተኛው፣ ፊሊፕ ብላይበርግ፣ 19 ወር ያህል ቆዩ። ከሞቱ በኋላ ሲመረመር የአዲሱ ልባቸው ደም ቅዳዎች በጽኑ ታመው ተገኙ። ችግኙ ጸድቆ ነበር፤ የታመመው ሥሩ ነው።

2. «ሥር» እና «ሂዳ»

ይህ አነጋገር ዘይቤ ብቻ አይደለም። አማርኛ «የደም ሥር» ሲል አፋን ኦሮሞ «ሂዳ ዺጋ» ይላል። «ሂዳ» ማለትም ሥር ነው፤ ሁለቱ ጎረቤታም ቋንቋዎች ደም የሚሄድበትን ቧንቧ ያዩት በአንድ ዓይን ነው። የትምህርት መጻሕፍት በበኩላቸው ከልብ የሚወጣውን «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመለሰውን «ደም መልስ» ብለው ለይተዋል። እነዚህ ሁለት ስያሜዎች የሚያመለክቱትን ሥራ በራሳቸው ይናገራሉ፤ ለተርጓሚም ለበሽተኛም የተመቹ ናቸው። «የደም ሥር» ብቻ የሚል ተርጓሚ ግን ሁለቱን ይቀላቅላል። በዕለት ንግግር «ሥር» ጅማትንም ስለሚጨምር ግራ መጋባቱ ይበረታል።

በተተከለ ልብ ላይ ልዩነቱ ክብደት አለው። የተቀባዩ ሰውነት መከላከያ የባዕዱን ልብ ደም ቅዳዎች ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፤ ግድግዳው በአንድ ቦታ ሳይወሰን በርዝመቱ ሁሉ ይወፍራል። ከተከላው 10 ዓመት በኋላ ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ይህ ሕመም ይታይባቸዋል። በቀዶ ጥገናው የልቡ ነርቮች ስለሚቆረጡም ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይሰማም። «ልቤን ወጋኝ» የሚለውን የተለመደ ምልክት የሚጠብቅ በሽተኛ ምልክቱ ሳይመጣ አደጋው ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ የበሽታው ስያሜ «የተተከለ ልብ የደም ቅዳ ሕመም» ቢሆን፣ በትርጓሜውም «ያለ ውጋት ሊመጣ የሚችል» የሚል ሐረግ ቢታከልበት እንመርጣለን።

3. የሰው ስም ቃል ሲሆን

«ስቴንት» የሰው ስም ነው። ቻርልስ ስቴንት (1807–1885 እ.ኤ.አ.) የለንደን የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ በ1856 እ.ኤ.አ. የጥርስ ቅርጽ መውሰጃ ውሁድ አሻሽለው አዘጋጁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆላንዱ ቀዶ ሐኪም ዮሐንስ ኤሰር ያንኑ ውሁድ የተተከለ ቆዳ በቦታው እንዲጸና ለመደገፍ ተጠቀሙበት። ስሙ ከጥርስ ወደ ማንኛውም ውስጣዊ ደጋፊ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በቱሉዝ ዣክ ፑየል፣ በሎዛን ኡልሪክ ሲግዋርት የልብ ደም ቅዳን በብረት ስቴንት ከፍተው ያዙ።

ይህን ጉዞ የአምቦ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታሸግ የኖረው የከተማው ውሃ «አምቦ ውሃ» ተብሎ፣ በብዙ ተናጋሪ አፍ ጋዝ ላለው የማዕድን ውሃ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የቦታ ስም ተራ ስም ከሆነ፣ የሰው ስምም ሊሆን ይችላል። «ማገር»ን ወይም «ባላ»ን በ«ስቴንት» ቦታ ለመተካት መድከም አያሻም፤ «ስቴንት» ይቆይ።

4. የሚጠፋውን ምን እንበለው?

ጥንቃቄ የሚያሻው ቅጽሉ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓን ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚጠፋ ስቴንት በሰው ልብ ገባ። ለተተከለ ልብ ተስፋ ሰጪ መስሎ ነበር፤ ሕመሙ በቧንቧው ርዝመት ስለሚቀጥል፣ ዘላቂ ብረት ለኋላ ሕክምና እንቅፋት ይሆናልና። በአውሮፓ ጥቂት ማዕከላት በእነዚሁ በሽተኞች ሞክረውታል። ነገር ግን በዓይነቱ የታወቀው «አብዞርብ» ከብረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የደም መርጋት ስለታየበት፣ ሽያጩ በ2017 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከማግኒዥየም የተሠራው ዓይነት ከዚያ በኋላም በሥራ ላይ ቆይቷል።

«ሟሚ ስቴንት» ብንል ሰሚው በውሃ ውስጥ እንዳለ ጨው ፈጥኖ የሚጠፋ ይመስለዋል። «ቀላጭ» ቅቤን ያስታውሳል፤ አስተርጓሚው በአፋን ኦሮሞ «ባቁ» ካለም ያው ቅቤ ነው። ፖሊላክቲክ አሲድ ግን በውሃ ቀስ በቀስ ተፈረካክሶ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ «አብዞርብ» ለመጥፋት 3 ዓመት ያህል ይፈጅበት ነበር። «ሟሟ» የተባለውን በሽተኛ «እንግዲያው ደም ማቅጠኛውን ልተወው» ከማለት ምን ይከለክለዋል? መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ደግሞ ሕይወት ያሳጣል።

ስለዚህ «ከሳሚ ስቴንት» የሚለውን እናቀርባለን። አበባ ይከስማል፤ መክሰም ጊዜ የሚወስድ መሆኑን ተናጋሪው ሁሉ ያውቃል። በመዝገበ ቃላት ሲገባም ከትርጓሜው ጋር የሚፈጀው ጊዜ በዓመት ይመልከት። የአፋን ኦሮሞው አቻ በአስተርጓሚው ግምት እንዳይቀር፣ የሁለቱ ቋንቋዎች የስያሜ ሠራተኞች ከሐኪሞች ጋር በአንድ ጉባኤ ይወስኑበት።